በእናቴ የማልኩበት ሆስፒታል

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁንም አፍራለሁ። እናቴ ሮም እህቴ ዘንድ ሳለች የልብ ቀዶ ሕክምና ታዘዘላት። እናቴ አገር ቤት እንደለመደችው ከግል ሆስፒታል በቀር አታምንም፤ ስለዚህ እህቴ መጀመሪያ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰደቻት። ሐኪሙ ግን መርምሮ፣ «እዚህ ቀለል ያለውን ነው የምንሠራው፤ ለእርስዎ የመንግሥት ሆስፒታሉ ይሻላል» ብሎ ላካት። የመንግሥቱ በር ላይ ስትደርስ «አልገባም!» አለች። እህቴ ጨነቃትና እኔ ወደምኖርበት ከተማ፣ ዉድበሪ፣ ሥራ ቦታዬ ደወለችልኝ። ነርስ ስለሆንኩ እናቴ ትሰማኛለች።

«የማን ነው ይሄ ሆስፒታል?» አለችኝ እናቴ ስልኩን ተቀብላ።

«የግል ነው፣ እማዬ።»

«እስቲ እማዬ ትሙት በይ!»

ልቧ ሊከፈት ነው፤ እኔ ደግሞ በሞቷ ልምል! «እማዬ ትሙት» አልኩና ገባች።

ቀዶ ሕክምናው እስኪያልቅ ያልተሳልኩለት ታቦት የለም። በሦስተኛው ቀን ራሷ ደወለች። «አላልኩም? የግል እኮ ያስታውቃል! ነርሶቹ ‹እማማ› ሊሉኝ ምንም አልቀራቸው።»

«አዎ እማዬ» አልኳትና ስልኩን ዘግቼ ሳቅሁ፣ አለቀስኩም። በማግስቱ ጠዋት ለመንግሥቱ ሆስፒታል የምስጋና ደብዳቤ ጻፍኩ፤ በእናቴ ስም ፈረምኩበት።