ጎባጣዋን ስንጥቅ አደራ

ክቡራትና ክቡራን፣ የመንገድ ጥገና ባልደረቦቼ፤ ድንኳን ተክላችሁ፣ በግ አርዳችሁ፣ አንድ አካፋ ያዥ ሽማግሌን ጡረታ ሲወጣ እንደ ዘመድ ስለሸኛችሁት እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጥቂት ነው። አለቃችን ጂቱ፣ «አባባ ፈዬራ፣ እኔ ልጻፍልዎ» ብትለኝ እምቢ አልኳት። የራሴን ንግግር ራሴ ጻፍኩ። ሳነብ ቀስ ብል ታገሡኝ።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። የቆያችሁት ታውቁታላችሁ፤ አዲሶቹ ስሙኝ። ፀሐይና ብርድ የሰነጠቀው ቀጭን ነው። ጥረጉት፣ ይድረቅ፣ ሬንጅ አፍስሱበት፣ አሸዋ ነስንሱበት፤ ይቆያል። እንደ አዞ ቆዳ የተሰነጣጠቀውን ግን አትሸፍኑት። ከሥሩ ያለው አፈር ውሃ ጠጥቷል። ቆርጣችሁ አውጡትና ውሃው ከየት እንደመጣ ፈልጉ። እርጥብ ስንጥቅ ላይ ሬንጅ ማፍሰስ ያላጠቡትን ቁስል በፋሻ መጠቅለል ነው።

ባለቤቴ በለጡ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ቤተ ክርስቲያን አብረን ስንሄድ ሁሌ ወደ ኋላ ስቀርባት ዞራ ትጠራኝ ነበር።

«ምን ጠፍቶብህ ነው መሬት መሬት የምታየው?»

«መንገዱን ነው።»

«አግብተኸዋል እንዴ?»

አሁንም መሬት መሬት አያለሁ። ዞራ የምትጠራኝ ግን የለችም።

ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። እንጦጦ ዳገት ላይ፣ ባሕር ዛፉ የሚያልቅበት መታጠፊያ ላይ ያለችውን ስንጥቅ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። እንደ አዲስ ጨረቃ የጎበጠች ናት፤ ሁለቱም ጫፎቿ ወደ ገደሉ ይዞራሉ። ለጥምቀት ታቦቱ ከማለፉ በፊት እንደ ልማዳችን መንገዱን ስናጸዳ ባልደረባችንን ጉተማን፣ «ይህቺን ተዋት፣ ትታይ» አልኩት።

«አባባ፣ ታቦት እኮ ነው የሚያልፈው። ምንጣፉን ስንጥቅ ላይ ያንጥፉት?» አለኝ።

ሬንጁን አቀበልኩት። ደፈናት፤ ጠቆረችና አማረች። የበልጉ ዝናብ ሲመጣ እዚያው ላይ ተከፈተች። አሁን በገደሉ በኩል ያለው አስፋልት ዝቅ ብሏል፤ በእግር ሲረግጡት ይታወቃል።

ኢንጂነር ዓምደ ሚካኤል፣ እዚህ ተቀምጠዋል፣ መጥተው አዩ። «አስፋልቱ አይደለም፤ አፈሩ ነው የሚንሸራተተው። በላይ በኩል ያለው ቦይ በደለል ተደፍኖ ውሃው ወደ ውስጥ እየሰረገ ነው። ይከፈት» አሉ። ትእዛዙን ሰጡ። ታዲያ ማን ከፈተው? ሁላችንም የምንሠራው ጉርድ ሾላ ነው። እዚያ መኪናው ብዙ ነው፤ ጉድጓድ ሲገኝ የሚጮኸውም ብዙ ነው። እንጦጦ ላይ ማን ይጮኻል?

ከመታጠፊያው በታች የወይዘሮ የማርያምወርቅ ቤት አለ። ባለፈው ሰሞን ሳገኛቸው፣ «በሬ አልዘጋ አለኝ። አናጢው እየላገ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይይዛል» አሉኝ። አናጢው ምን ያድርግ? የተጣመመው በሩ አይደለም፤ ቤቱ ነው።

«ክረምቱን መሪ ሰፈር፣ ልጅዎ ዘንድ ይክረሙ» አልኳቸው።

«ቤቴን ለማን ትቼ?»

እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው። በለጡ ከሞተችበት ቤት ተነቀል ቢሉኝ እነቀላለሁ? እሳቸው አይነቀሉም። ሰኔ ደግሞ ደርሷል። ያ አፈር የክረምቱን ውሃ ከጠጣ መንገዱም ቤቱም አብረው ይወርዳሉ፤ እሳቸውም ውስጥ ናቸው።

ጂቱ ጋቢ ይዛ ቆማለች። ከዚህ ሆኜ ሳየው ያማረ ፈትል ነው፤ እጃችሁ ይባረክ። ግን ዛሬ አልለብሰውም።

አትደንግጡ፤ ንቄ አይደለም። ይህ ጋቢ ሥራህን ጨርሰሃል የሚል ነው፤ እኔ አልጨረስኩም። ሰኞ ጠዋት መታጠፊያው ላይ ነኝ። ጡረታ ወጥተሃል የሚለኝ ካለ ልክ ነው፤ በገዛ አካፋዬ ነው የምቆፍረው። ብቻዬን እንደማልጨርሰው ግን እናንተም ታውቃላችሁ። ቦዩ ተከፍቶ ውሃው በቦዩ ሲወርድ፣ ያን ጊዜ እዚያው አልብሱኝ። ጉተማ፣ አንተ በአንዱ ጫፍ ትይዛለህ።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። ጉልበታችሁ አይድከም። መንገድ ላይ ጎንበስ ብላችሁ ስትሠሩ ሾፌር ሁሉ ይያችሁ። ልጆቻችሁ ከናንተ የተሻለ መንገድ ይሂዱ። የምትወዱት ሰው ከፊታችሁ ዞሮ የሚጠራችሁ ይሁን። ክረምቱ በሰላም ይለፍ፤ ወይዘሮ የማርያምወርቅም በራቸውን ገጥመው ይደሩ።

ጂቱ ልጄ፣ ጋቢውን እጠፊው። ሰኞ ከአካፋሽ ጋር ይዘሽው ነይ።