የዶክትሬት ጽሑፌን ያስገባሁ ዕለት
ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ደማም ከተማ፣ የምማርበት ዩኒቨርሲቲ ቢሮ ገብቼ የዶክትሬት ጽሑፌን ሳስረክብ ጸሐፊው «ኸላስ፣ መብሩክ ዶክተር» አለኝ፤ አለቀ፣ እንኳን ደስ አለህ ማለቱ ነው። በደስታ እየበረርኩ ቤት ሄድኩና ባለቤቴንና የአምስት ዓመት ልጃችንን ሶስናን ይዤ ወደ ኒስፍ አልቀመር ባሕር ዳርቻ ነዳሁ። ሶስና ከኋላ ወንበር እናቷ ጆሮ ላይ ተለጥፋ ታንሾካሹካለች።

«ሶስዬ፣ ጮክ ብለሽ አውሪ እንጂ» አልኳት። ደንገጥ ብላ እናቷን አየች።

ባለቤቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ «‹አባዬ እየጻፈ ነው፣ እንዳትረብሺው› እያልኩ ነው ያሳደግኳት። አንተ ካለህ ጮክ ብላ አታወራም» አለችኝ።

ሀፍረት ፊቴን አጋለው። ባሕሩ ዳር ስንደርስ ወርጄ ልጄ ፊት በርከክ አልኩ።

«አባዬ ጽሑፉን ጨርሷል። ከእንግዲህ እንደልብሽ ጩኺ፣ እሺ?»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እሺ» ስትል አንሾካሾከች።