ከእርከኑ ሥር ያሉት ሦስት ነጥቦች

ድንገተኛ ዝናብ ባይዘኝ ኖሮ በዚያ ሰዓት ከመሰላል ሠሪው ደጅ የሚያቆመኝ ጉዳይ አልነበረም። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ጊዜ ሞልቶ ተርፎኛል፣ ጃንጥላ ግን ረስቼ ወጥቻለሁ። ከጣራው ጠርዝ ሥር ተጠግቼ ውኃውን ከካፖርቴ ሳራግፍ ከውስጥ የአባትና የልጅ ክርክር ሰማሁ። የሰው ቤት ወሬ ማዳመጥ ነውር መሆኑን ለተማሪዎቼ ስንት ዘመን አስተምሬያለሁ፤ እኔ ግን ጆሮዬን ይበልጥ አስጠጋሁ።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሽ መሰላል» የሚላቸው እኚህ አናጢ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእንጨት መሰላል በቀር ሌላ ነገር ሠርተው አያውቁም። ልጃቸው ተማሪዬ ነበረች፤ ኋላ ሥዕልና ዲዛይን ተምራ ተመርቃለች። በሩን ስትከፍት አየችኝና «መምህር፣ ይግቡ እንጂ፤ መጥተው ይፍረዱን» አለችኝ። እንደ እውነቱ ከሆነ ለዳኝነት የማልበቃ ሰው ነበርኩ፤ ምክንያቱን እናገራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባት በመሰላሎቻቸው ቋሚ ላይ የሚለጥፉት ወረቀት አልቆባቸዋል፤ ማተሚያ ቤት ሄደው ሌላ አምስት ሺህ ሊያሳትሙ ነው። ልጅ ደግሞ አንድም እንዳያሳትሙ ትለምናለች። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ባለቤቱ በሙሉ ልብስ ተነሥተውበታል፤ በግራቸው ንስር፣ በቀኛቸው የተጨባበጡ እጆች፣ ከበላያቸው የምትወጣ ፀሐይ፣ ከሥራቸው የምድር ሉልና ሁለት የተጣመሩ መሰላሎች፣ ሦስት የስልክ ቁጥሮች፣ ከነዚያ በታች ደግሞ ግጥም። ግጥሟ የኔ ናት። ከአሥር ዓመት በፊት ለምነውኝ፣ ባይለምኑኝም መጻፌ አይቀርም ነበር፣ በአንድ ቁጭታ የጻፍኳት ናት፦

ሰማይ ቤት ለመድረስ ለሚመኝ ሰው ሁሉ፣
ይኸውና እኛ ዘንድ ጠንካራ መሰላሉ።

«አባባ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑና ወረቀቱ ላይ ያለውን ይቁጠሩልኝ» አለች ልጅቱ።

ሽማግሌው ሣቁ፣ ጨፈኑም። ፎቶግራፋቸውን አልረሱም፤ ፀሐይዋንና መሰላሎቹንም ጠሩ። ከዚያ ቆሙ። ንስሩ ጠፋባቸው፣ ሉሉም ጠፋባቸው። ወደ እኔ ዞረች። ከግጥሜ በቀር አንድም ነገር አላስታወስኩም።

«እንግዲህ አሥር ዓመት የለጠፉት እርስዎ ካላስታወሱት አንድ ቀን ያየው ገዢ እንዴት ያስታውሰው? ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲናገር ማን ማንን ይሰማል? የንግድ ምልክት አንድ ነገር ብቻ ይበል፤ እሱንም ከመንገዱ ማዶ ላለ ሰው ይበል። ሲያንስ የማይጠፋ፣ ያለ ቀለም የሚቆም፣ ልጅ አንዴ አይቶት በጣቱ አፈር ላይ ሊደግመው የሚችል መሆን አለበት።»

«ልጄ፣ ያለኝን ባሳይ ምን ነውር አለው?» አሉ አባት። «ሰው ፊቴን አይቶ ያምነኛል። እኔ ሥራ እንጂ ሥዕል አልሸጥም። ጥሩ ዕቃ ራሱ ይናገራል።»

«ንስሩም ሉሉም የእርስዎ አይደሉም፤ የማተሚያ ቤቱ ናቸው። እዚያ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ከረጢቱ ላይ ይሄው ንስር አለ። ወረቀቱን ማንም ማሳተም ይችላል፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ይላጣል። ስለ ሥራዎ ሰው ሊረሳው የማይገባ አንድ ነገር ይንገሩኝና እሱን ልሣለው።»

«አንድ ነገር፣ አንድ ነገር ትያለሽ» ብለው ተቆጡና ወደ ሥራቸው ዞሩ። አዲስ ያለቀ መሰላል ነበር። ግድግዳ አስደግፈው ታችኛው እርከን ላይ ወጡ፤ በሙሉ ክብደታቸው ሦስት ጊዜ ረገጡት። ከዚያ ወርደው ገለበጡት፣ ከፍም ላይ የጋለ ሚስማር በጉጠት አንሥተው ከእርከኑ ሥር ሦስት ነጥብ አቃጠሉ። ይህን ሲያደርጉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ሰው የሚያየውን ሁሉ ቢጠይቅ ኖሮ እኔ ዛሬ ሊቅ ነበርኩ።

በኔ ላይ ዳኝነቱ ሊወድቅ ሲል በሩ ተበረገደ። ልብሱ በሲሚንቶ የነጣ ሰው ገባ፤ ከኋላው አንድ ጓደኛው ለሁለት የተሰበረ መሰላል ተሸክሞ ተከተለው። ውኃው ከሁለቱም ይንጠባጠባል። ሰውዬው ግንበኛ ነበር። መሰላሉን ወለሉ ላይ ሲጥለው ፍቅፋቂው ቦነነ።

«አንተ ነህ ጋሽ መሰላል የምትባለው?» አለ።

በአባቱ ዕድሜ ያለን ሰው «አንተ» ማለቱን ልገሥጽ ብዬ ፊቱን አየሁ። ሲያለቅስ የዋለ ፊት ነው። ወንድሙ ቀለም ቀቢ ነው፤ ትናንት ጠዋት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲቀባ መሰላሉ ከሥሩ ተሰብሮ ወደቀ። የዳሌው አጥንት ተሰብሯል፤ ዳግም ይቆም እንደሆነ ሐኪሞቹ አላወቁም። ግንበኛው ይህን ሁሉ ቀስ ብሎ፣ ድምፁን ሳያነሣ ነገረን። ከዚያ ቋሚው ላይ ግማሹ ተልጦ የቀረውን ወረቀት በጣቱ አመለከተ። የጋሽ መሰላል ግማሽ ፊት ነበረበት፣ ግጥሜም ነበረችበት።

«ሰማይ ቤት ለመድረስ ለሚመኝ ሰው ሁሉ» ብሎ አነበበ። «ወንድሜን እዚያ ልትልኩት ነበር? ከዚህ የምሄደው ፖሊስ ጣቢያ ነው። ፊትህን ለጥፈህበታል፤ አትክድም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አሥር ዓመት ሙሉ ያቺን ግጥም ባየሁ ቁጥር ደረቴን ስነፋ ኖሬያለሁ፤ ከመሰላል ወድቆ የሚቀር ሰው እንዳለ አንድ ቀን አላሰብኩም።

ጋሽ መሰላል ጎንበስ ብለው የተሰበረውን እንጨት አዩ። ልጃቸው ክንዳቸውን ያዘች። «አባባ፣ የእርስዎ አይደለም በሏቸው እንጂ» አለች።

«አላውቅም» አሉ። «ወረቀቱ የኔ ነው። እንጨቱ ግን ጭቃ ለብሷል፣ አላውቅም።» ከዚያ ወደ ግንበኛው ዞሩ። «ልጄ፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቢላዋ አለ። ከታች ያለውን እርከን ገልብጠህ ጭቃውን ፋቀው። ከሥሩ በእሳት የተቃጠለ ሦስት ነጥብ ካለበት የኔ ሥራ ነው፣ ጥፋቱም የኔ ነው። ወንድምህን እኔ አስታምማለሁ፤ ይህንንም በር ከዛሬ ጀምሮ እዘጋለሁ።»

ልጅቱ ከለከለቻቸው። ነገሩ በሕግ ይታይ እንጂ በራስዎ ላይ አይፍረዱ አለች። እሳቸው ግን አልሰሟትም። ግንበኛው ተንበረከከና መፋቅ ጀመረ። ከዝናቡና ከቢላዋው ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም ነበር። የሽማግሌው ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልዩ ወይም ይቁጠሩ አላወቅኩም። ጭቃው አለቀ። ግንበኛው በአውራ ጣቱ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው፤ እንደገናም ዳሰሰው።

እንጨቱ ባዶ ነበር።

ልጅቱ ተነፈሰች። ግንበኛው ግን ቀና ብሎ «ይሄን አሁን የፈጠርከው ይሆናል» አለ። አልፈረድኩበትም። እዚያ ያሉትን መሰላሎች ሁሉ ገለበጠ፤ ሁሉም ነጥብ ነበራቸው። አሁንም አላመነም። እየሮጠ ወጥቶ ጎረቤት ጠየቀና ከመንገዱ ማዶ ካለ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቤት ከጋሽ መሰላል የተገዛ የስምንት ዓመት አሮጌ መሰላል ይዞ ተመለሰ። ከሥሩ ጥቀርሻ የመሰሉ ሦስት ነጥቦች ነበሩ።

ያን ጊዜ ቁጣው ከላዩ ወረደ፤ ኀዘኑ ግን እዚያው ቀረ። መሰላሉ ላይ ተቀመጠና «ነጥቡ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ሽማግሌው አስረዱ። ሥራውን ያስተማሯቸው ሰው የሰጧቸው ትእዛዝ ነው፦ ራስህ ሦስት ጊዜ ያልረገጥከውን መሰላል ለሰው አትስጥ፤ ለረገጥከውም ሦስት ምስክር አቁምለት። ምስክሩ ለገዢ ሳይሆን ለሠሪው ኅሊና ስለሆነ ከሥር ይቀመጣል።

«አባቴ፣ እንዲህ ያለ ምልክት እያለዎት ለምን ደበቁት?» አለ ግንበኛው። «ወንድሜ ብልጥ ሰው ነው። ቢያውቅ ኖሮ ገልብጦ ያየው ነበር። ገበያ ሄዶ ያየው ግን የእርስዎን ፊት ነው። ጋሽ መሰላል ናቸው፣ ይታመናሉ ብሎ ገዛው።»

ልጅቱ ከጠዋት ጀምሮ ያለችው ሁሉ ያልገፋውን የአባቷን ልብ ይህ ቃል ገፋው። ጋሽ መሰላል ወረቀቱን አንሥተው የራሳቸውን ፊት ትኩር ብለው አዩት። «ፊቴን ለሌባ አውሼ ምስክሬን ደብቄ ኖሬያለሁ» አሉና እንባቸው ወረደ። ከዚያ ለልጃቸው «አንድ ነገር ያልሽው ይሄ ነው?» አሏት።

«እሱ ነው አባባ። እኔ ከውጭ ስፈልገው እርስዎ በየቀኑ ሲያቃጥሉት ነበር።»

እኔ ግን አስተማሪነቴ አልለቀቀኝምና አንድ ጥያቄ አነሣሁ፦ ወረቀቱን አስመስሎ ያሳተመ ሌባ ነጥቡንስ አስመስሎ ማቃጠል ምን ያቅተዋል?

«አያቅተውም» አለች። «ግን የማተሚያ ቤት ንስርን የኔ ነው ብሎ ማስመዝገብ አይቻልም፤ ይሄ በአባባ ስም አእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት ይመዘገባል። ያስመሰለው በሕግ ይጠየቃል። ደግሞ ምልክት ብቻውን አያስተማምንም። ከጀርባው ሦስት ጊዜ መርገጥ ከሌለ የእኛም ነጥብ ውሸት ነው።»

በማግስቱ ሣለችው፦ ሦስት ወፍራም ነጥቦች፣ አንዱ ካንዱ ከፍ እያሉ የሚወጡ፣ ሌላ ምንም። የሰፈሩ ብረት ቀጥቃጭ በአንድ ማቃጠያ ብረት ላይ ሠራው፤ ምልክቱ አሁን በቋሚው ውጭ በኩል፣ ከቆመ ሰው ዓይን ፊት ይቃጠላል። ከመንገድ ማዶ ይታያል፣ ዝናብ አይልጠውም፣ ማንበብ የማይችል ሰው በጣቱ ይለየዋል። ሰዎች ገበያ ሄደው «ሦስት ነጥቡን ስጠኝ» ማለት ጀምረዋል፤ በሐሰተኛ ወረቀት ባዶውን መሰላል ይሸጥ የነበረው ነጋዴም በግንበኛው ምስክርነት ተይዟል። አንባቢ ሆይ፣ ሱቅ ወይም ወርክሾፕ ካለህ በምልክትህ ላይ ያለህን ሁሉ አትቆልል። በሥራህ ውስጥ ማንም ሳያይህ የምታደርገውን መልካም ነገር ፈልግና እሱን አንዱን ሰው በሚያየው ቦታ አድርገው። ግጥምም ለአስተማሪ አታጽፍ።

ከሰባት ወር በኋላ ቀለም ቀቢው በምርኩዝ እያነከሰ ከወንድሙ ጋር መጣ። ቆሟል፣ ግን ሥራው ላይ ለመመለስ ፈርቷል። ጋሽ መሰላል አንድ መሰላል ግድግዳ አስደግፈው እሱ ፊት ሦስት ጊዜ ረገጡለት፣ የጋለውን ብረትም በእንጨት እጀታው አስያዙት። ምልክቱን እሱ ራሱ አቃጠለው። ጭሱ እስኪጠፋ ጠበቀና ምርኩዙን ለወንድሙ ሰጥቶ እግሩን መጀመሪያው እርከን ላይ አሳረፈ።