ባንቺአየሁ ሰነፍ አልነበረችም

በሃምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ አምባ ጊዮርጊስ አስተማሪ ነበርሁ። አንድ የገበያ ቀን ከጎንደር ያመጣኝ የጭነት ማኪና አውርዶኝ ወደ ቤቴ ሳዘግም፣ አንዲት ወጣት ሴት መንገድ ዳር አጥር ተደግፋ ተቀምጣ አየሁ። ከንፈሯ አመድ መስሏል። አባቷ አያ ክንዱ ዱላቸውን ተመርኩዘው አጠገቧ ቆመዋል። የወንድ ልጃቸውን ልጅ ስለማስተምር አውቃቸው ነበር።

«ምነው አያ ክንዱ፣ ልጅዎን አመማት?» አልኋቸው።

«ሕመም ቢሆንማ በወደድሁ» አሉ በዛለ ድምፅ። «ያ ንብረት የሚሉት ባሏ ‹ሰነፍ ናት፤ ውኃ መቅዳት እንኳ አቅቷታል› ብሎ መለሰብኝ። አሁን ሽማግሌ ፊት ልንቀርብ ስንሄድ፣ ይኸው መንገዱንም ጠላችው።»

ልጃቸው ባንቺአየሁ ቀና ብላ እንኳ አላየችን።

ጤና ጣቢያው ቅርብ ስለ ነበር ለምኜ ይዣቸው ገባሁ። የጤና ረዳቱ ሀዳነ ጎንደር ተምሮ የመጣ ወጣት ነው፤ ከማለዳ ጀምሮ በሽተኛ ሲያይ ውሎ ዓይኑ ቀልቷል። የልጅቱን የዓይን ሽፋን ገለጥ አድርጎ አየና መርፌ አወጣ።

«ምን ልታደርጋት ነው?» አሉ አያ ክንዱ።

«ከጣቷ ጠብታ ደም ወስጄ ልመረምር ነው። ደም ያነሳት ይመስለኛል።»

«ደም ካነሳት አንተ ደግሞ ልትቀንስባት? ከጎደለ ማድጋ ይቀዳል እንዴ!»

እውነቱን ለመናገር፣ ነገራቸው ለጊዜው ለእኔም ልክ መሰለኝ። ሀዳነ ግን አልተቆጣም፤ ለመቆጣትም አቅም የቀረው አይመስልም። በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«አያ ክንዱ፣ ጠላው መድረሱ በምን ይታወቃል?»

«ተቀምሶ ነዋ።»

«በቅምሻ ጋኑ ይጎድላል?»

«ምን ሲደረግ!»

«ይህም ቅምሻ ነው። ደማችን ቀልቶ ጉልበት የሚሰጠን ውስጡ ብረት ስላለ ነው። ብረቱ ሲያልቅ ደሙ ይገረጣል፤ ሰውም ይዝላል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል።»

«ብረት? ማረሻ ትብላ ልትለኝ ነው?»

«ማረሻ አይደለም። ከጤፍ፣ ከምስር፣ ከጎመን፣ ከሥጋ የምናገኘው፣ በዓይን የማይታይ ነው።»

«ጤፉንስ ትበላለች። ታዲያ ምነው አነሳት?»

«ጠብታው የደሙን መሳሳት ነው የሚያሳየን። ለምን እንደ ሳሳ ከራሷ መስማት አለብን።»

አያ ክንዱ «እንግዲያው መጀመሪያ የእኔን ውሰድ» ብለው ጣታቸውን ዘረጉ።

የእሳቸው ጠብታ በነጩ ወረቀት ላይ እንደ በርበሬ ቀላ። የእሷ ከጎኑ ሲያርፍ ግን አጠባ የበዛበት ጥለት መሰለ። ሀዳነ ወረቀቱን ከቀለም መለኪያው ጋር ሲያስተያይ፣ አያ ክንዱ ከሁለቱ ጠብታዎች ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«ልጄ፣ ይህ ያንቺ ደም ነው?»

ያን ጊዜ ተናገረች። «ከወለድሁ ወዲህ መድማቱ አልተወኝም፣ አባቴ። ነውር መስሎኝ ዝም አልሁ። አፈርም ያምረኛል፤ ግድግዳ እየፋቅሁ እበላለሁ።»

አያ ክንዱ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው አነሡ።

ሀዳነ መድማቱን ሐኪም እንዲያቆምላት ወደ ጎንደር ላካት። የብረት ኪኒንም ሰጥቶ፣ ሕፃን እንዳያገኘው አርቃ እንድታስቀምጥ፣ ሰገራዋ ቢጠቁር እንዳትደነግጥ፣ ሲሻላትም ቶሎ እንዳታቋርጥ መከራት።

«ጸበሉንስ ትተው?» አሉ አያ ክንዱ።

«ጸበሉንም አትተው፤ ኪኒኑንም አትተው።»

በአገራችን ደም ያነሳት ሴት ስሟ ብዙ ነው፦ ሰነፍ፣ ዛር የያዛት፣ ባሏን የጠላች። አንዲት የደም ጠብታ ግን ይህን ሁሉ ስም ታስጥላለች፤ መድኃኒቱ በጊዜ ሲገኝ እናት ለልጇ ትተርፋለች፣ ትዳርም ከመፍረስ ይድናል።

ክረምቱ ሳይገባ ባንቺአየሁ ፊቷ ወዝ አወጣ። ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ አያ ክንዱ ተነሥተው «ልጄ ታማ ነበር። እኔም አባቷ ስድብ ጨመርሁባት። እናንተ ግን የዛለችን ሴት ከመስደባችሁ በፊት አስመርምሩ» አሉ። ባሏ ንብረትም «አጥፍቻለሁ፣ ትመለስልኝ» ብሎ ለመነ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት።

«እመለሳለሁ» አለች። «ግን ዳግመኛ ስደክም ‹ምን ሆንሽ?› ብሎ ይጠይቀኝ።»