ለእንግዳ የተደፋ በረኪና

የምሠራው ኮምቦልቻ፣ የከተማው ፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ ነው። ወንዝ የሚመርዘውን ናይትሮጅን ከፍሳሹ የሚያወጡልን ገንዳ ውስጥ አየር እየነፋንላቸው በስንት መከራ ያራባናቸው ባክቴሪያዎች ናቸው። አንድ ሰኞ ጠዋት ከደሴ ስመጣ ግቢው በረኪና በረኪና ይሸታል። በሩጫ ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ገንዳው ውስጥ ምን ተደፋ?»

«ዛሬ እንግዶች ይመጡ የለ? ሽታው እንዳያሳፍረን በረኪና አስደፋሁበት።»

«ባክቴሪያዎቹን እኮ ፈጇቸው!»

«አንቺ ደግሞ! ባክቴሪያ ቢሞት ምን ይጎዳል?» ብለው ሳቁ።

ደሜ ፈላ። እንግዶቹ ሲመጡ ኃላፊው ገንዳው ዳር አቁመውኝ «ባለሙያችን ታስረዳለች» አሉ። አስረዳኋቸው፤ «ይህን ፍሳሽ የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች ሞተዋል። የተገደሉትም እናንተ እንዳይሸታችሁ ተብሎ ነው።» ኃላፊው አፈጠጡብኝ። እንግዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ፍሳሹ ወደሚለቀቅበት ወንዝ ወረድኩ። የሰፈሩ ነዋሪ እትዬ ዘሐራ ከብቶቻቸውን ሊያጠጡ እየነዱ ነበር። «እባክዎ ይመልሷቸው፤ ፍሳሹ ሳይጣራ ነው የተለቀቀው» አልኳቸው። ምክንያቱን ስነግራቸው ትክ ብለው አዩኝ።

«ወላሂ፣ ለአንድ ቀን እንግዳ ብላችሁ ነው?» አሉ። «እኛ እኮ ሁልጊዜም እዚሁ ነን።»