እትዬ ጭቃና ያልቆሸሸችው መኪና

እስቲ አንዴ ዝም በሉልኝ! በሩ ጋ ያላችሁ፣ ኬኩ የትም አይሄድም። አለቃችን «አጠር አድርገህ ተናገር» ብለውኛል፤ እኔም እሺ ብያቸዋለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ «ነገ በጠዋት እገባለሁ» እያልኩ ስላቸው የኖርኩት ዓይነት እሺ ነው።

በመጀመሪያ ዛሬ ከሥራ የምንሸኛቸውን የእትዬን ባለቤት፣ ጋሼን፣ ይቅርታ ልጠይቅ። ጋሼ፣ ሚስትዎን «እትዬ ጭቃ» የምንላቸው ስም አጥተንላቸው አይደለም። በዚህ ቤት በስሙ የሚጠራ ሰው የለም። እኔ የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ስለምገጣጥም ሙጫ ነኝ፤ ምቀኞቼ ግን «ወንበር ላይ ተጣብቆ ስለሚውል ነው» ይላሉ። ያቺ ጥግ ላይ አንዴ እያለቀሰች አንዴ እየሳቀች ያለችው ሳሙና ናት፤ ለምን ሳሙና እንደተባለች እደርስበታለሁ። እንግዶች ካላችሁ ደግሞ ሥራችን ይሄ ነው። ቅዳሜና እሑድ ጠረጴዛ ከበው ጦርነት የሚጫወቱ ሰዎች አሉ፤ ጣት የማይሞሉ ወታደሮች፣ መዳፍ የማይሞሉ ታንኮችና የጭነት መኪኖች በካርቶን ያመጡልናል፤ እኛ ገጣጥመን፣ ቀለም ቀብተን እንመልሳለን። መጨረሻ ላይ ታንኩ ከፋብሪካ ሳይሆን ከጦር ሜዳ የመጣ እንዲመስል ጭቃና ዝገት የሚቀቡት እትዬ ናቸው። ስለዚህ ጋሼ፣ ጭቃ እዚህ ቤት ማዕረግ ነው።

እትዬ የመጡበት ቀን እንደ ትናንት ትዝ ይለኛል። በሩ ላይ «ቀለም ቀቢ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት ለጥፈን ነበር። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ምን እንደሚቀባ አልጻፍንም። እትዬ በአንድ እጃቸው ባልዲ፣ በሌላው ሮለር ይዘው፣ መሰላል ተሸክመው ከች አሉ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡን ግድግዳውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ይሄ እርጥበት አለው፤ መጀመሪያ መፋቅ አለበት» አሉ።

አለቃችን «እመቤቴ፣ የሚቀባው ግድግዳው አይደለም» አሏቸው።

«ጣሪያው ነው?»

«ጣሪያውም አይደለም።» አለቃችን መዳፋቸው ላይ አንድ ወታደር አስቀመጡላቸው። «ይሄ ነው። ዓይኑም ጭምር።»

እትዬ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወታደሩን አገላበጡት። ከዚያ መሰላሉን ቀስ አድርገው ግድግዳው ላይ አስደገፉና «እንግዲያው መሰላሉ ትርፍ ነው» አሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እዚሁ አሉ። መሰላሉም እንዳለ አለ፤ አምፖል የምንቀይረው በእሱ ነው።

የመጀመሪያውን ወታደራቸውን ያላየ ሰው ካለ ሲወጣ ይመልከተው። የግድግዳ ልማድ በአንድ ጀንበር አይለቅም፤ ቀለሙን እንደ ሊጥ ለጠፉበትና አፍንጫው፣ አገጩ፣ ጠመንጃው ሁሉ ድራሹ ጠፋ። ብርድ ልብስ ተከናንቦ የተኛ ሰው መሰለ። አለቃችን «ቀጠን አድርገው፣ ሁለት ጊዜ ነው የሚቀባው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ሲሏቸው፣ እትዬ «እኔ መቼ ቸኮልኩ? በብርድ እንዳይመታ ብዬ ነው» አሉ። ወታደሩን አልጣልነውም። መግቢያው ላይ አቁመነዋል። ፊት ስለሌለው ማን አርፍዶ እንደገባ ለአለቃ አይናገርም፤ እኔ በበኩሌ ከዚህ ቤት ሠራተኛ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ከዚያማ ሙያውን ተማሩት። ተማሩትና ደግሞ የማያደርጉትን ያስተምሩን ጀመር። «ብሩሽ በምላስ አይሾልም! መርዝ ነው!» ይሉናል። ዘወር ስንል ብሩሹ አፋቸው ውስጥ ነው። «እትዬ፣ እስቲ ምላስዎን ያሳዩን» እንላቸዋለን። «ባለጌ!» ይላሉ። ባለጌ ለማለት ደግሞ አፍ መከፈቱ አይቀርም፤ ሲከፈት አረንጓዴ ነው። ጋሼ እንደነገሩኝ ከሆነ፣ ማታ እቤት ሲገቡ «እንዴት ዋልሽ?» ብሎ ነገር የለም፤ «አፍሽን ክፈቺ» ነው። ሰማያዊ ከሆነ ባሕር ኃይል፣ ቡናማ ከሆነ እግረኛ ጦር ሲቀቡ ውለዋል ማለት ነው። የብሩሽ ማጠቢያውን ውሃ ሻይ መስሏቸው የጠጡትን አልቆጥርም፤ እሱን ሁላችንም ጠጥተናል።

አፈሩንስ? እትዬ አፈር የሚገዙ እንዳይመስላችሁ። ከታክሲ ወርደው በሻይ ማንኪያ ከመንገድ ዳር ይዝቃሉ። በአሮጌ ካልሲ ይነፉታል፤ ምሳ በምናሞቅበት ምድጃ ያደርቁታል፤ በብልቃጥ አድርገው መደርደሪያው ላይ ያስቀምጡታል። አንድ ቀን አለቃችን የተቀቀለ እንቁላል ልጠው ተቀመጡና ከብልቃጦቹ አንዱን አንስተው ነሰነሱበት። ቁንዶ በርበሬ መስሏቸው ነው። ሁላችንም አየን፤ ማናችንም አልተነፈስንም። አለቃችን ገመጡ፣ አላመጡ፣ ቆም አሉ። እትዬ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ «አይዞዎት፣ ከወንዙ ማዶ የመጣ ነው፤ ንጹሕ ሰፈር ነው» አሏቸው። አለቃዬ፣ አይሳቁ፤ እንቁላሉን ጨርሰውታል።

ደንበኞቻችን ደግሞ የሚፈሩት መሸነፍን ሳይሆን የእትዬን ምርመራ ነው። እትዬ የመኪናውን መንገድ ሳያውቁ ጭቃ አይቀቡም። «መንገዱን ንገረኝ» ነው ቃላቸው። አንዱ ደንበኛችን፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የመጣ ዕለት፣ በሙያው ስንቱን የሚያስጮህ ትልቅ ሰው፣ እፊታቸው ቆሞ ላቡ ጠብ ጠብ ይል ነበር።

«ይሄ ታንክ ከየት ነው የመጣው?»

«ከ… ከሱቅ።»

«ሱቅ ጭቃ የለም። በጫካ ነው በሜዳ? ዝናቡ መጥቶ ነበር ወይስ ሄዶ ነበር? ሹፌሩ ችኩል ነው?»

«እትዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው።»

«ጨዋታ ከሆነ ባለፈው ስትሸነፍ ለምን አኮረፍክ? በል ንገረኝ።»

ሰውየው ጭንቅ ሲለው ሹፌሩ ቅርብ ጊዜ ያገባ፣ እቤቱ ለመድረስ የሚቸኩል ነው ብሎ ፈጠረ። እትዬም ለታንኩ የሚረጭ ጭቃ ቀቡለት፤ ዘሎ የመጣ ጭቃ። ሐኪሙ አይቶ «በትክክል እሱ ነው!» አለ። ማንን አይቶ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

አሁን ደግሞ እኚህ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ሲለጥፉ የሚውሉ ሰው፣ እቤታቸው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ታመው ልንጠይቃቸው ሄድን። በሩን ገፋ ስናደርግ ከውስጥ፣ ከተኙበት፣ ድምፃቸው ተሰማ፦ «ጫማ!» አወለቅን። «ሙጫ፣ አንተ ካልሲህንም!» ወለሉ ፊት ያሳያል። መደርደሪያው ያብለጨልጫል። ከዳር እስከ ዳር ባየው ግን አንድ ታንክ፣ አንድ ወታደር እንኳ የለም። «እትዬ፣ ከሥራዎ አንድ እንኳ አላስቀመጡም?» ስላቸው «ጭቃ ቤቴ አይገባም» አሉኝ። ጋሼ እስከ በር ሊሸኙኝ ወጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰዎች እጇን ሲያደንቁ እሰማለሁ፤ እኔ ግን በስልክ ፎቶ ነው የማውቀው» አሉኝ። ያቺ ነገር ከሆዴ አልወጣችም። እመለስባታለሁ።

እሺ፣ ሳሙና። አንቺን የረሳሁ መስሎሻል አይደል? ሳሙና እዚህ ቤት የገባችው በጽዳት ነው። በመጀመሪያ ቀኗ ማለዳ ገብታ፣ የእትዬ ጠረጴዛ ላይ ቆሽሾ የተተወ ታንክ አገኘች። ሳምንት ሙሉ የተለፋበት፣ በማግስቱ ለውድድር የሚወጣ ታንክ ነው፤ ጭቃው ገና በቫርኒሽ አልታሸገም። እሷ እቴ! በሳሙና አጥባ፣ አለቅልቃ፣ በጨርቅ ወልውላ እንደ አዲስ ሙሽራ አስቀመጠችው። እኛ ስንገባ ጠረጴዛውን ከበብነው። እትዬ ታንኩን አነሱት።

«ሁሉንም አጠብሽው?»

«ሰንሰለቱ ውስጥ የገባው አልለቅ ብሎኝ በጥርስ ብሩሽ ነው ያወጣሁት። አይ፣ ሰው ግን እንዲህ አቆሽሾ ጥሎ ይሄዳል? እኔ ደግሞ ሌላ የቆሸሸ መኪና ካለ ብዬ እስከ በሩ አፈላለግሁ፤ ጭቃው ከየት እንደመጣ አልገባኝማ!»

እትዬ ሳቁ። ቆመው መሳቅ ሲያቅታቸው ተቀምጠው ሳቁ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ባለሙያው ሁሉ ‹ጥሩ ቀለም ነው› ይለኛል» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ጭቃ ነው ብሎ ያጠበልኝ ሰው ገና ዛሬ መጣ። ነይ ቁጭ በይ። ያጸዳሽውን አንቺው ታቆሽሺዋለሽ።»

ልጅቷ ብሩሹን ስትይዝ እጇ በፍርሃት ይርበደበድ ነበር። እትዬ ያሏትን ሁላችንም ሰምተናል፦ «እጅሽን አታደንድኚው። ዓይን ለመቀባት ነው የረጋ እጅ የሚያስፈልገው። የተስተካከለ ጭቃ አይተሽ ታውቂያለሽ? ይንቀጥቀጥ፤ ጭቃ እንዲህ ነው የሚወደው።» ዛሬ ያ ጠረጴዛ የሳሙና ነው። እትዬ ብሩሾቻቸውን አጥበው፣ አድርቀው፣ አንድ በአንድ አስረክበዋታል።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅርብኝ።

እትዬ፣ አሁን ለእርስዎ ነው የምናገረው። ባለፈው ክረምት «መብራቱ ደከመ» አሉን። መሰላልዎን አውጥተን አምፖል ቀየርን። «አሁንም ደክሟል» አሉ። ደማቁን አመጣን። ወታደሮቹን ወደ ብርሃን፣ ከዚያ ወደ መስኮት፣ ከዚያ ወደ ጓደኛ ጠረጴዛ መግፋት ጀመሩ። የደከመው አምፖሉ ሳይሆን ዓይንዎ መሆኑ ገባን። እርስዎም አልነገሩን፣ እኛም አልጠየቅንዎ። ከዚያ አንድ ቀን ብሩሹን አስቀመጡና «አሁን ደግሞ እጄም እየተንቀጠቀጠ እምቢ ብሎኛል፤ ከእንግዲህ ብሩሽ አልነካም» አሉ። የተናገሩትን የማያጥፉ ሰው ስለሆኑ አልነኩም። አንዲት የጭነት መኪና ግን ቀለሟ አልቆ፣ ጭቃ ሳይነካት ጠረጴዛዎ ላይ ቀረች። ሳሙና «ልጨርሳት?» ስትልዎ «መንገዷን ማንም አልነገረኝም» አሉ።

አባቴ ያረፈ ጊዜ ትዝ ይልዎታል? ከሐዘን ስመለስ ሥራ አልያዝልህ አለኝ። የፊቱን ጎማ ከኋላ እገጥማለሁ፤ በሩን ገልብጬ አጣብቃለሁ። ማንም ምንም አላለኝም። እርስዎ አንዲት አምቡላንስ ፊቴ አስቀምጠው «መንገዷን ንገረኝ» አሉኝ። ነገርኩዎ። አባቴን ይዘን ከሆስፒታሉ ስንወጣ እንደሚያካፋ፣ ድልድዩ ፈርሶ በቀዩ አፈር ዞረን እንደሄድን፣ ሹፌሩ እንዳልቸኮለ፤ የሚቸኩልበት ነገር እንዳልነበረው። እርስዎ እየሰሙ ቀቡ። ሲጨርሱ ቀዩ ጭቃ የኋላውን በር ሁሉ ሸፍኖታል፤ እጀታው ላይ ግን ትንሽ ንጹሕ ቦታ ትተዋል። «ይሄስ?» አልኩዎ። «እዚህ ጋ ያንተ እጅ ነበር» አሉኝ። ቀብር ላይ ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩ። ሚስቴን ያን ቀን አቅፌ ነው የተኛሁት፤ ለብዙ ቀን ፊቴን አዙሬባት ነበር። እትዬ፣ እዚህ ሥራ ላይ የቆየሁት በእርስዎ ነው። አመሰግንዎታለሁ። ቀደም ብዬ ማለት ነበረብኝ፤ ሙጫ ነኝና አፌ ቶሎ አይላቀቅም።

አሁን ሳሙና፣ ጨርቁን ግለጪው።

አዎ፣ እሷው ናት፤ የጭነት መኪናዋ። አፈሩም ከብልቃጥዎ ነው፤ ሳሙና አሁን ነው የለወሰችው። ብሩሹም የድሮው፣ ጸጉሩ የተንጨባረረው ነው። «እጄ ይንቀጠቀጣል» እንዳይሉን! የረጋ እጅ ለዓይን ነው፤ ጭቃ የሚንቀጠቀጥ ነው የሚወደው ያሉት እርስዎ ነዎት። እኛ እናምንዎታለን፤ እርስዎም ራስዎን ይመኑ።

መንገዷን ልንገርዎ። ይቺ መኪና ዛሬ ከዚህ ቤት ትወጣለች። የጠጠሩን ቁልቁለት በቀስታ ትወርዳለች፤ ሹፌሯ መውጣቱን አልወደደውም። ጎማ የሚጠግነው ሰውዬ በር ላይ ያለው ኩሬ ውስጥ በግራ ጎማ ትገባለች፤ እርስዎ ሁልጊዜ «ይሄን ኩሬ የሚደፍን ይጥፋ?» የሚሉት ኩሬ። ዝናቡ ሄዷል፤ መሬቱ ግን አልጠጣውም። ከዚያ አስፋልቱን ይዛ እስከ እርስዎ ደጅ ትደርሳለች። ጫማ አታወልቅም። ከነጭቃዋ ትገባለች፤ ያ የሚያብለጨልጭ መደርደሪያ ላይ ትወጣለች። ጋሼ ቦታውን ትናንት አስለቅቀዋል፤ «ከሥሯ ጨርቅ አይነጠፍም» ብለዋል። ብቻ የበሩ እጀታ ላይ ትንሽ ንጹሕ ቦታ ይተዉ፤ የሚከፍቱልዎ ጋሼ ናቸው።

ብርጭቋችሁን አንሱ! የራሳችሁን እዩ፤ የብሩሽ ማጠቢያውን እንዳታነሱ። እትዬ ጭቃ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥዎ። የጋሼን ሳቅ አያሳጣዎ። የሚሄዱበት መንገድ ሁሉ ለስላሳ ይሁን ብዬ አልመርቅዎም፤ ይሰለችዎታል። ተናግረው የማይጨርሱት መንገድ ይስጥዎ። ለእትዬ!

እንጠጣ። እርስዎ ግን በኋላ ይጠጣሉ፤ ጭቃው እየደረቀ ነው።