የሰጠሙት ተንሳፋፊዎች

ያ ማክሰኞ ሙቀቱ ጉድ ነበር፣ ታስታውሳለህ? የወጣቶች ኤግዚቢሽን የተከፈተ ዕለት... ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የሞቀኝ ቀን የለም። ግባ፣ አቦ ፋራህ፤ ጥላው ጋ ተቀመጥ። ባጃጇ ደህና ናት? ባለቤትህ ሀምዲያስ?

ፌስታሉ ውስጥ ምንድን ነው? እህ... የወዳጃችን የዓሣ ማጥመጃ ተንሳፋፊዎች። ሲያምሩ! ቀይና ነጭ ቀለም፤ ስሙም ተጽፎባቸዋል። ሰጠሙ አልክ? ሁሉም? ይሄም እኮ ችሎታ ነው፤ የነጠላ ጫማ ሶል ማስጠም ለማንም አይሳካም።

እኔማ ምን አውቃለሁ? ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄጄ የዓሣ ሀብት ተምሬ ቤት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲጎድል አሸዋው ላይ የሚተወውን ጎዶሎ ነጠላ ጫማ እየለቀምኩ፣ ሶሉን በምላጭ እየከረከምኩ ለመንጠቆ ክር ተንሳፋፊ ስሠራ፣ አንተም እሱም እዚሁ ተቀምጣችሁ ትስቁብኝ አልነበር? እሱ ግን እየሳቀ ይማር ነበር። ጎበዝ! እኔ ዓመታት የፈጀሁበትን እሱ በአንድ ማክሰኞ መድረክ ላይ ወጥቶ «ፈለሰፍኩት» አለ። ተሸለመ፤ ወጣቶችን የማሠልጠን ሥራም ተሰጠው። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚሉ ሰዎች ያን ቀን በሱፍ አላዩትም።

ዛሬስ ምን ብሎ ላከህ? «ቀዳዳው በምን ይደፈናል?»... እንዴት ያለ ትሑት ነው! ራሱ የፈለሰፈውን ነገር ሰው ለመጠየቅ አያፍርም። ቅዳሜ ሐረማያ ሐይቅ ላይ እንግዶች ፊት ሊያሳይ ነው አይደል?

ንገረው። ክሩ እንዲያልፍ በጋለ ሽቦ የተበሳው ቀዳዳ በቀለጠ ሻማ ይደፈናል። ከሐይቅ ሲመለሱ ይታጠባሉ፣ በጥላ ይደርቃሉ፣ ሻማው ይታደሳል። እሱ ቆርቆሮ ላይ አስጥቷቸዋል... በድሬ ፀሐይ! ተሰነጣጥቀዋል፣ እያቸው። ግን ከየት ይወቅ? የጫቱ በርጫ ሰዓት ሲደርስ ተነስቶ ይሄድ ነበር፤ እኔ ሻማ የማቀልጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ክፉ አልመኝለትም። ፈጣሪ የእጁን ሥራ ይባርክለት። ዕድሜ ልኩን የገዛ እጁን ሥራ ብቻ ያብላው።

አሚን በል እንጂ፣ ፋራህ! ምነው ጫማህን ታያለህ? ያን ማክሰኞም ዳኞቹ «በእርግጥ አንተ ነህ የሠራኸው?» ብለው ሲጠይቁት፣ እሱ «ፋራህ ምስክሬ ነው» ሲል፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠህ ጫማህን ነበር የምታየው። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ...

ማን ሠራቸው? መልስልኝ።